የከተማ አስተዳደር ንብረት በጨረታ ሲወገድ፦ የመነሻ ዋጋውን ማን፣ በምን መሠረት ይተምነዋል?

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰሞኑን በሐዋሳ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶችን በግልጽ ጨረታ ለመሸጥ የወጣ ማስታወቂያ አነበብሁ። ተሽከርካሪዎች፣ ሞተር ሳይክሎች፣ ያገለገሉ ጎማዎች፣ የቢሮ ዕቃዎችና ቁርጥራጭ ብረታ ብረት በምድብ በምድብ ተከፍለው ተዘርዝረዋል። ተጫራቾች የማይመለስ ገንዘብ ከፍለው ሰነድ እንዲገዙ፣ ለየምድቡ የተወሰነውን ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) እንዲያሲዙ፣ ዋጋቸውንም በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ እንዲያስገቡ ይጠይቃል። መዝጊያው ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ነው፦ «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።»

የጨረታውን ሥነ ሥርዓት በተመለከተ ጥያቄ የለኝም፤ ወረቀቱ የጎደለው ነገር ያለው አይመስልም። ያልገባኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። አንድ ተሽከርካሪ አገልግሎት አይሰጥም ብሎ የሚወስነው ማን ነው? በማስታወቂያው ላይ ያልሠፈረው የመነሻ ዋጋስ በምን ይሰላል? ንብረቶቹ በዚያ ግቢ ውስጥ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው ለዓመታት አይቻለሁና፣ ቀድሞ ቢሸጡ ኖሮ የተሻለ ገንዘብ አያስገኙም ነበር ወይ የሚለውም ያሳስበኛል። በዘርፉ የሠራችሁ ብታስረዱን አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው የንብረት ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከመጨረሻው ሳይሆን ከመነሻው መጀመሩ ትክክል ነው። ብዙ ዘመን በንብረት አስተዳደር ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ማንኛውም ዕቃ ወደ መንግሥት መጋዘን ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለሠራተኛ ወይም ለሥራ ክፍል ሲሰጥ ደግሞ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ በተረካቢው ስም ይያዛል። ቋሚ ዕቃ ከሆነ መለያ ቁጥር ተጽፎበት በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ፣ ማለትም በሰኔ 30 ገደማ፣ ቆጠራ ተደርጎ መዝገቡ ከዕቃው ጋር ይመሳከራል። ዕቃው ሲበላሽ ተጠቃሚው ክፍል በጽሑፍ ያሳውቃል፣ የቴክኒክ ባለሙያ መርምሮ ይጠገናል ወይም አይጠገንም ይላል፣ ኮሚቴ ተሰይሞ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያጸድቃል። ከዚያ በኋላ አማራጩ ብዙ ነው፤ ለሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማዛወር፣ በጨረታ መሸጥ፣ ፈታቶ በቁርጥራጭነት መሸጥ፣ ለምንም የማይውለውን ደግሞ ማቃጠል ወይም መቅበር ይቻላል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው።

በተግባር ግን መኪና በአንድ ቀን አይሞትም። ቆሞ የዋለ ፒክአፕ በመጀመሪያ ባትሪው «ለጊዜው» ተብሎ ለሌላ መኪና ይሰጣል። ቀጥሎ የተሻሉት ሁለት ጎማዎች ባረጁ ይለወጣሉ። ከዚያ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ ሬዲዮው፣ ጃኩ ይከተላል። ለእነዚህ አንዳቸውም ሞዴል 22 አይቆረጥም፤ ሁሉም በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስለሚዘዋወር ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥረውም፤ አንዳንዱም በእርግጥ ለሥራ የዋለ ነው። በመጨረሻ ኮሚቴው ሲመጣ የሚያገኘው ሻንሲና ቦዲ ሲሆን፣ መዝገቡ ላይ ያለው ግን አሁንም ሙሉ መኪና ነው። ኮሚቴው የሚተምነው ያየውን ስለሆነ፣ ግምቱ ዝቅተኛ ቢሆን አይፈረድበትም። ልዩነቱ የት ገባ የሚለውን ጥያቄ ግን የጨረታ ኮሚቴ አይጠየቅም፤ ሌላ ጠያቂም ብዙ ጊዜ የለም።

በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፤ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቀድሞው ክልል ለሁለት ተከፍሎ ቢሮዎቹ ወደየራሳቸው መቀመጫ ሄዱ። ቢሮ ከሕንፃ ሕንፃ በተዛወረ፣ ስሙ በተቀየረ፣ ከሌላው ጋር በተቀላቀለ ቁጥር መዝገብና ዕቃ የመለያየት ዕድላቸው ይሰፋል። ርክክብ ያለ ቆጠራ ከተፈጸመ፣ ከዚያ ወዲያ የሚደረገው ቆጠራ ሁሉ በተሳሳተ መነሻ ላይ የቆመ ነው።

ባለ ጋራዥ ከአቶቴ፦
ጋሼ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም ከገዢው ወገን ያለውን ልጨምር። ጨረታ ስገባ አስቀድሜ ሄጄ የማየው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው (ከባለቤትነት ደብተሩ) ጋር መመሳሰሉን ነው። ሊብሬው ጠፍቶ ከሆነ ወይም ቁጥሩ ካልተመሳሰለ መኪናውን ገዝተህ ስም ለማዛወር የምትደክመው ድካም ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ሁለተኛው ቀረጥና ታክስ ነው፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ማን ይከፍላል የሚለው በሰነዱ ላይ ካልተገለጸ የጨረታው ዋጋ ትርጉም የለውም። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ሁሉንም በገዢው ላይ ይጥላልና።

ነገር ግን ዋናው ችግር የምድብ አከፋፈሉ ነው። አንዲት ደኅና ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ከተሰባበረ ወንበርና ከዛገ ፋይል ካቢኔት ክምር ጋር በአንድ ምድብ ስትታሰር፣ ሞተሯን ብቻ የሚፈልግ የግብርና ባለሙያ ወይም ነጋዴ ይቀራል፤ ክምሩን ጭኖ የሚወስድ መጋዘንና መኪና ያለው ጅምላ ነጋዴ ብቻ ይገባል። ይህ ሁልጊዜ በተንኮል የሚደረግ ነው አልልም፤ ብዙ ጊዜ ኮሚቴው ግቢውን በአንድ ጊዜ ለማጽዳት ስለሚፈልግ ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ሃያ ሊሆኑ የሚችሉት ተጫራቾች ሦስት ይሆናሉ፤ ሦስቱም ይተዋወቃሉ።

ሲተዋወቁ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቀዋል። በሩ ላይ የሚቆም ደላላ አለ፤ ለአንዱ ገንዘብ ሰጥቶ ኤንቨሎፕ ሳያስገባ ይመልሰዋል፣ ሌላውን ለስሙ ዝቅተኛ ዋጋ እንዲሞላ ያደርገዋል። ከዚህ የረቀቀው ደግሞ ሁለት የተስማሙ ሰዎች የሚሠሩት ነው። አንዱ የተጋነነ ዋጋ ሞልቶ ያሸንፋል፣ ሁለተኛው በዝቅተኛ ዋጋ ቀጥሎ ይሰለፋል። የመጀመሪያው በተወሰነው ቀን ገንዘቡን ሳይከፍል ይቀራል፤ ሲፒኦው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፤ ንብረቱ ለሁለተኛው ይሰጣል። ሲፒኦው ቁርጥ ያለ ትንሽ ገንዘብ ከሆነ ሁለቱ ተካፍለው ከፍለውትም አትራፊ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ ያየሁበት ጨረታ ነበር፤ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ግን እዚህ አልናገርም።

ጠበቃ በሐዋሳ፦
ከሕግ አንጻር አንዳንድ ነገሮችን ላስቀምጥ። በፌዴራል ደረጃ የመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር ለረጅም ጊዜ ሲመራ የቆየው በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር፤ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። እነዚህ አዋጆች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ክልሎች በተመሳሳይ መልክ የየራሳቸውን አዋጅና መመሪያ ስለሚያወጡ የከተማ አስተዳደሮች የሚገዙት በክልላቸው ሕግ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ያነበበ ሰው በመጀመሪያ ማረጋገጥ ያለበት በየትኛው ሕግ እየተጫረተ እንደሆነ ነው። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው የፌዴራሉን አንቀጽ ጠቅሶ ለከተማ መሥሪያ ቤት በመቅረቡ ነው።

ባለ ጋራዡ የገለጹት መመሳጠር ደግሞ የንግድ ብልጠት ሳይሆን ጥፋት ነው። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በጨረታ መመሳጠርን ይከለክላል፤ የመንግሥት ሠራተኛ እጅ ያለበት እንደሆነም የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ይመጣል። ማስረጃ ማግኘቱ ግን ከባድ ነው፤ ሦስት ኤንቨሎፖች በተራራቀ ዋጋ መሞላታቸው ብቻውን ምንም አያስረዳም።

አንድ ነገር እንዳይምታታ ደግሞ ላክል። ከተማ አስተዳደር መኪናና ጠረጴዛ ይሸጣል እንጂ መሬት አይሸጥም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለጨረታ የሚቀርበው የሊዝ መብት፣ ማለትም መሬቱን ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የመጠቀም መብት፣ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ይተላለፋል፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፤ ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ያላነሰ ቅድመ ክፍያ ይጠየቃል። ይህንን ያነሣሁት ለንጽጽር ነው። በሊዝ ሕጉ የመሬት መነሻ ዋጋ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ ታዟል። ለተሽከርካሪና ለማሽን ግምት እንዲህ ያለ የክለሳ ግዴታ በየመመሪያው ቢኖር፣ ወዳጃችን ከጠየቁት ግማሹ መልስ ባገኘ ነበር።

የፋይናንስ ሠራተኛ፦
ጠበቃው ያነሡት የክለሳ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእለት ሥራዬ ነውና። ግምት ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የምናወራው። አንዱ የመዝገብ ዋጋ ነው፤ ዕቃው ከተገዛበት ዋጋ ላይ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እየተነሣ የሚቀረው። ከዐሥር ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና በመዝገብ ላይ ዋጋው ወደ ምንም ይጠጋል። ሌላው የገበያ ዋጋ ነው። በመረጋጋት ጊዜ እንኳ ሁለቱ አይገናኙም፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ጨርሶ ተለያይተዋል።

አስቡት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አሮጌ ላንድክሩዘርና ሂሉክስ በመለዋወጫ ዋጋ ብቻ እንኳ ምን ያህል እንደተወደደ ገበያ ወጥቶ ማየት ነው። ከ2016 በፊት ተተምኖ፣ ከዚያ ቃለ ጉባኤው ፊርማ ሲጠብቅ ወይም ጨረታው ሲሰረዝና ሲደገም ዛሬ የደረሰ ንብረት በቀድሞው ግምት ከወጣ፣ ያሸነፈው ሰው ሕግ ሳይጥስ፣ ኮሚቴውም ፊርማው ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ሕዝብ ሊከስር ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዓይነቱ ነው፤ የሚያየው ኦዲተር ሰነዱን ሲገልጥ የጎደለ ወረቀት አያገኝም።

የመዘግየቱ ምክንያት ደግሞ ስንፍና ብቻ አይደለም። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ወደ ከተማው ግምጃ ቤት ይገባል እንጂ ንብረቱ የነበረው መሥሪያ ቤት አይጠቀምበትም። በአንጻሩ ሲሸጥ ስሕተት ቢገኝ የሚጠየቁት ፈራሚዎቹ ናቸው። ካልሸጥህ የሚጠይቅህ የለም፤ ከሸጥህ ትጠየቃለህ። ይህ በሆነበት መኪና ግቢ ውስጥ መበስበሱ ምን ይገርማል? የፌዴራል ዋና ኦዲተርም አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶች ሳይወገዱ መከማቸታቸውን በሪፖርቶቹ በተደጋጋሚ ሲያነሣ ቆይቷል።

መምህርት ከታቦር፦
ሁላችሁም ስለ ሽያጭ ነው የምትናገሩት። ጋሼ ከዘረዘሯቸው አማራጮች የመጀመሪያው ማዛወር ነበር። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሦስት ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ፤ ከትምህርት ቤቱ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ደግሞ እግሩ የላላ ጠረጴዛ እንደ ማገዶ ተከምሯል። አንድ አናጢ በጥቂት ቀን የሚጠግነውን ጠረጴዛ በኪሎ መሸጥ ለከተማው ምን ይጠቅማል?

ጡረተኛው የንብረት ባለሙያ፦
ልጄ፣ በሐሳብሽ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ማዛወርም የራሱ መዘዝ አለው። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚያዛውረው ሊያስወግደው የሰነፈውን ነው። ሰባት ዓመት የሞላው፣ የማይነሣ ኮምፒውተር በክብር ለትምህርት ቤት ተሰጥቶ ፎቶ ይነሣበታል፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በገቢ መዝግቦ ዳግመኛ ለማስወገድ ኮሚቴ ማቋቋም ይኖርበታል። ሸክሙ ተዛወረ እንጂ ዕቃው አልተወገደም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ አይቶ፣ መርጦ፣ የማይፈልገውን አልቀበልም የማለት መብት ሲኖረው ነው ማዛወሩ የሚጠቅመው። በነገራችን ላይ፣ የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ሳይጠፋ መውጣቱን ማንም አያይም፤ የስንት ሰው መረጃ በውስጡ እንዳለ እግዚአብሔር ይወቅ።

የቀበሌ ቤት ተከራይ፦
ከርእሱ ብዙ ካልራቀ፣ የምንኖርባቸው የቀበሌ ቤቶችስ ለነዋሪው ቢሸጡ አይሻልም ነበር? ጣሪያው ሲያፈስ ቀበሌው አይጠግንም፤ እኛ ብንጠግን የእኛ አይሆንም።

ጠበቃ በሐዋሳ፦
ጥያቄው ከርእሱ አልራቀም፤ መልሱ ግን በአንድ አንቀጽ የሚያልቅ አይደለም። እነዚህ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ ትርፍ ቤቶች ናቸው፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት እንዲተዳደሩ ተደርጎ ነበር። ቤቱ ሲሸጥ ከቤቱ ሥር ያለው መሬት መብት በምን መልክ ይተላለፋል የሚለው ከሊዝ ሕጉ ጋር ይያያዛል፤ መሐል ከተማ ላለ የጭቃ ቤት ዋጋ ያለው ግድግዳው ሳይሆን ቦታው ነውና። ለነባሩ ተከራይ በቅናሽ ይሸጥ ከተባለ የቦታው ዋጋ በሙሉ ለአንድ ሰው ሊሰጥ ነው፤ በጨረታ ይሸጥ ከተባለ ተከራዩ ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህ የፖሊሲ ውሳኔ ነው፤ በንብረት ማስወገድ መመሪያ የሚፈታ አይደለም። ለብቻው ክር ቢከፈትለት ይሻላል እላለሁ።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር አልተፈታልኝም። የመነሻ ዋጋው በማስታወቂያው ላይ ቢወጣ ይሻላል ወይስ በምስጢር ቢያዝ?

ጡረተኛው የንብረት ባለሙያ፦
በእኛ ዘመን ምስጢር ነበር። ምክንያቱም መነሻው ከታወቀ ሁሉም ከመነሻው ጥቂት ብር ጨምሮ ይሞላል ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። ካልታወቀ ተጫራቹ ለንብረቱ በእርግጥ የሚሰጠውን ዋጋ ለመሙላት ይገደዳል። ይህ ምክንያት ዛሬም ዋጋ አለው።

ባለ ጋራዥ ከአቶቴ፦
ይቅርታ ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። ምስጢሩን አምስት የኮሚቴ አባላት፣ ጸሐፊዋ፣ ቃለ ጉባኤውን ያተመው ልጅና ኃላፊው ያውቁታል። ስምንት ሰው የሚያውቀው ነገር ከዘጠኝ ሰው መደበቁ ከንቱ ነው፤ የሚደበቀው ዘመድ ከሌለው ተጫራች ብቻ ነው። ከመነሻው ጥቂት ብር መጨመርን የሚከላከለው ብዙ ተጫራች ነው፤ ብዙ ተጫራች የሚመጣው ደግሞ ምድቦቹ ሲነጣጠሉና ዋጋው ሲታወቅ ነው። ለመኪና ደግሞ ከኤንቨሎፕ ይልቅ በአደባባይ የሚደረግ ሐራጅ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሰው ፊት ለፊት ሲጨምር ደላላው የሚደብቀው ነገር ያንሳል።

የፋይናንስ ሠራተኛ፦
እኔ በመካከል ነኝ፤ ግን ወደ ባለ ጋራዡ አዘነብላለሁ። ከጨረታው በፊት መነሻውን ይፋ ማድረግ የሚያከራክር ቢሆን እንኳ፣ ከጨረታው በኋላ መደበቁ ግን ምንም ምክንያት የለውም። አሁን የአሸናፊዎች ስም ብቻ ተለጥፎ ይታለፋል። በዚያው ወረቀት ላይ የኮሚቴው ግምትና የተገመተበት ቀን፣ የተጫራቾች ብዛት፣ ያሸነፈው ዋጋ፣ አሸናፊው ቀርቶ ለሁለተኛው የተሰጠ ከሆነም ያው ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ያንን ገጽ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሰበሰበ ማንም ነዋሪ፣ እነማን እየተቀባበሉ እንደሚያሸንፉና የትኛው መሥሪያ ቤት ከገበያ በታች እንደሚተምን ኦዲተር ሳይሆን ያውቀዋል።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
ይህንን ከመሥሪያ ቤቱ መጠየቅ እንደ ነዋሪ ይፈቀድልኛል? ተጫራች አይደለሁም።

ጠበቃ በሐዋሳ፦
ይፈቀድልዎታል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ ለምን እንደፈለገ እንዲያስረዳ አይገደድም። በሕግ ከተከለከሉት የመረጃ ዓይነቶች ውስጥ ካልሆነ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ ሊሰጥዎት ይገባል። ማመልከቻውን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ያስገቡ፣ ቅጂው ላይ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። የተጠናቀቀ ጨረታ ሰነድን በምስጢርነት መከልከል የሚያስችል በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ጡረተኛው የንብረት ባለሙያ፦
ማመልከቻውን ስትጽፍ የጨረታውን ቃለ ጉባኤ ብቻ አትጠይቅ፤ እሱ ምንጊዜም የተስተካከለ ነው። የእያንዳንዱን ተሽከርካሪ መለያ ቁጥር ጠቅሰህ፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የሰኔ ቆጠራ ቅጽ ጠይቅ። በመጀመሪያው ዓመት «ይሠራል»፣ በሁለተኛው «ጥገና ይፈልጋል»፣ በሦስተኛው «ከጥቅም ውጭ» ተብሎ ከሆነ በየመካከሉ የጥገና ጥያቄ መኖር አለበት። ንብረቱ ለተጫራቾች በሚታይባቸው ቀናት ደግሞ ራስህ ሂድና፣ ጎማውንና ሞተሩን በስልክህ ፎቶ አንሣ፤ አሸናፊው ጭኖ ከወሰደው በኋላ ከቅጹ ጋር የምታመሳክረው ነገር አይኖርህም። ዘበኛው ከልክሎ ሰነድ ገዝተሃል ወይ ካለህ፣ ሰነዱን ግዛው።